«ስትወልጂ ይስተካከላል» አትበሉን

ለ፦ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፤ ለኢትዮጵያ የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ማኅበር
ጉዳዩ፦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ያለባቸውን ሴቶች ኑሮ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷ ገደማ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ፣ የሚባለው የሆርሞን መዛባት አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከእነዚህ ሴቶች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ያለባቸው ነገር ምን እንደሆነ ተነግሯቸው አያውቅም። ከተነገራቸው ጥቂቶች አንዷ እኔ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ከሕመሙ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ ኖሬያለሁ። የምጽፍላችሁ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ አይደለም። በመምህራን ማረፊያ፣ በዘመድ ቤት፣ በክሊኒክ ወረፋ ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስናወራ የየአንዳንዳችን ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ሁላችንም ከባለሙያ ፊት ተቀምጠን አንድ ዓይነት መልስ ሰምተናል። ያላገባችው «ስታገቢ ይስተካከላል» ትባላለች። ያገባችው «ስትወልጂ ይስተካከላል» ትባላለች። የወለደችው ደግሞ «ወልደሻል አይደል እንዴ፣ ምን ቀረሽ?» ትባላለች።

የምጠይቃችሁ ይህ መልስ ከጤና ተቋሞቻችን እንዲወጣ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ስትመጣ እንቅልፏ፣ ስሜቷ፣ ደሟ፣ ፊቷ፣ ትዳሯ፣ ሥራዋ እንዴት እንደሆነ ትጠየቅ። የምትሰጠውም መልስ እንደ ደም ግፊቷ ሁሉ ካርዷ ላይ ይጻፍ።

ሕመሙ በመውለድና ባለመውለድ ብቻ መለካቱ ከሩቅ የመጣ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ ሐኪሞች የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ሴቶቹ የወር አበባቸው የተዛባ፣ ኦቫሪያቸው ያበጠ ነበር። ሐኪሞቹ ከኦቫሪው ከፊሉን ቆርጠው ሲያወጡ የሁሉም የወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱ አረገዙ። ያ ጽሑፍ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን የሕክምናው ፍሬ የተቆጠረው በወር አበባና በእርግዝና ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም መለኪያው ይኸው ሆኖ ቆየ።

ዛሬ የሚታወቀው በጣም ሰፍቷል። የብዙዎቻችን ሰውነት ቆሽት ለሚያመነጨው ኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዝም። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን እየቀሰቀሰ እንደ ቴስቶስትሮን ያሉ በወንዶች ላይ የሚበዙ ሆርሞኖችን ከልክ በላይ ያስመነጫል። እንቁላሎቹ መብሰል ጀምረው መንገድ ላይ ይቀራሉ። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትናንሽ ከረጢቶች እነዚህ ሳይበስሉ የቀሩ እንቁላሎች የተቀመጡባቸው ናቸው፤ ተቆርጦ መውጣት ያለበት ዕጢ የለም። «ሲስት አለብሽ» ብቻ ተብላ፣ ካንሰር መስሏት ለእናቷ እንኳ ሳትናገር የሰነበተች ልጅ አውቃለሁ። የወር አበባ ለወራት መጥፋት ወይም ለሳምንታት አለመቆም፣ አገጭና ደረት ላይ የሚበቅል ፀጉር፣ የማይለቅ ብጉር፣ የራስ ፀጉር መሳሳት፣ የአንገት ዙሪያ ቆዳ መጥቆር፣ የክብደት መጨመር፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ከመካከላችን ቀጭን ሴቶችም አሉ፤ «አንቺማ ቀጭን ነሽ» ተብለው ሳይመረመሩ የሚመለሱት እነሱ ናቸው።

በ1998 እ.ኤ.አ. በካናዳና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ፒሲኦኤስ ያለባቸውን ሴቶች «ሕይወታችሁን ምኑ ነው የሚያውከው?» ብለው ጠይቀው ከመልሳቸው መጠይቅ አዘጋጁ። 26 ጥያቄዎች አሉት፤ በአምስት ክፍል ተመድበዋል፦ ስሜት፣ የሰውነት ፀጉር፣ ክብደት፣ የወር አበባና መካንነት። በኋላ ብጉርም ተጨምሮበታል። መካንነት ከአምስቱ አንዱ ነው። በእኛ አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በር የሚከፈተው ለዚያ ለአንዱ ነው።

ስለ ፀጉሩ አስቀድሜ ልናገር፤ በአደባባይ ለማንሣት ከሁሉ የሚከብደን እሱ ስለሆነ። ባሏ ሳይነቃ ተነሥታ በስልክ መብራት አገጯን የምትላጭ ሚስት አለች። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ መታጠቢያ ቤቱ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት የምትጠብቅ ተማሪ አለች። ጓደኞቿ ፎቶ ሲነሡ ካሜራውን «እኔ ልያዝላችሁ» የምትለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። በፀሐይ ነጠላዋን እስከ ከንፈሯ ስባ የምትሄድ አለች። የሠርጓ ጠዋት የሙሽራ ሜካፕ የምትሠራላት ሴት ጣቷን አገጯ ላይ አሳርፋ ዝም ስትል፣ ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ያልረሳች ጓደኛ አለችኝ። በሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አገጫቸው ላይ ጣል አድርገው የሚናገሩ ሴቶችን ስታዩ የሚያስቡ ይመስላችኋል፤ ከእነሱ መካከል የምትሸፍን አለች።

ይህን ለባለሙያ ስንናገር «የውበት ጉዳይ ነው» እንባላለን። የሆርሞን ሕመም ምልክት መሆኑን የሚነግረን ስናጣ ወደ ገበያ እንወጣለን። ገበያው ደግሞ ይጠብቀናል። ለብጉርና ለጥቁር ነጠብጣብ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አለ። ለጥቂት ሳምንት ፊትን ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ይባስ ብሎ ፀጉር ያበቅላል። ፀጉሯን ለመሸሽ የቀባችው ፀጉር ያበቀለባትን ሴት ፊት ያየ ሰው ጉዳዩን የውበት ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በየውበት ሳሎኑ የሚሠራበት የሌዘር ማሽንም ቁጥጥር ይሻል፤ ለጥቁር ቆዳ ያልተስማማ ጨረር ያቃጥላል፣ ጠባሳ ይተዋል። እስከዚያው ባለሙያ ቢነግረን የሚጠቅሙን ቀላል እውነቶች አሉ። ምላጭ ፀጉርን አያወፍርም። የሆርሞን እንክብል በፀጉር ላይ ለውጡ የሚታየው ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ይህን ሳይነገራት በሁለተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብላ የምታቆም ብዙ ናት።

ወደ ወር አበባው ልምጣ። ሐኪሞች የሚያነሡት መጥፋቱን ነው፤ አለመቆሙን የምናውቀው እኛ ነን። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ለአብዛኞቹ ሴቶች ይህ በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። ደሟ ሦስትና አራት ሳምንት የማይቆም ሴት ግን የዐቢይ ጾምን እኩሌታ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታሳልፈዋለች። ልጇ ክርስትና ሲነሣ፣ የእናቷ ተዝካር ሲሆን፣ ሠርጓ በተክሊል እንዲሆን ሲታሰብ ቀን ስትቆጥር የምትኖር ሴት ናት። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ደሙ ከልማዳቸው አልፎ ሲፈስ የትኛው ቀን የወር አበባ፣ የትኛው የሕመም ደም እንደሆነ እየተጨነቁ ጾምና ሶላታቸውን ያሰላሉ። በሃይማኖት ሥርዓት ላይ ጥያቄ እያቀረብኩ አይደለም፤ ሥርዓቱን እወደዋለሁ። የምለው፣ ይህ ደም በመድኃኒት ሊስተካከል የሚችል ነው። አንድ ነርስ «ስንት ቀን ይቆያል?» ብላ ብትጠይቅና ብትሰማ ያቺ ሴት ለፋሲካ ቅጥሩ ውስጥ ትገኛለች። ብዙ ደም ስለሚፈሳት የደም ማነስ ይዟት ደረጃ መውጣት የሚያቅታት መሆኗን፣ ያንንም ሰው ስንፍና ብሎ እንደሚተረጉምባት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ደሙ የጠፋባት ደግሞ ሌላ ፈተና አላት። ያላገባች ልጅ የወር አበባዋ ሦስት ወር ሲዘገይ ቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። መሐላዋ አይታመንም። ያገባችው ዘንድ ደግሞ መርፌው ይከሰሳል። በአገራችን ከሁሉ የሚዘወተረው የወሊድ መከላከያ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ነው፤ እሱም የወር አበባን ስለሚያዛባ ከመርፌው በፊት ጀምሮ የነበረው ፒሲኦኤስ ከኋላው ተደብቆ ይኖራል። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ «መርፌ ከመጀመርሽ በፊት የወር አበባሽ እንዴት ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ስንቷ ሴት ከዓመታት ግራ መጋባት ትድን ነበር!

አሁን ደግሞ እንደ መምህርት በጣም ወደሚያሳዝነኝ ጉዳይ ልለፍ። ልጅ ለማትፈልግ ታማሚ የወር አበባን ለማስተካከል፣ ብጉርንና ፀጉርን ለመቀነስ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ሁለት ሆርሞን ያለበት እንክብል ነው። ይህ እንክብል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በወሊድ መከላከያነቱ ነው። አንዲት ያላገባች ወጣት የሐኪም ወረቀት ይዛ መድኃኒት ቤት ስትገባ ሻጩ ቀና ብሎ ያያታል፤ ከኋላዋ የቆሙት ይሰማሉ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እንክብሉን በጀመረች በጥቂት ሳምንት ውስጥ እናቷ ማሸጊያውን ቦርሳዋ ውስጥ አገኘችው። ልጅቷ ለማስረዳት ብዙ ሞከረች፤ «ለሆርሞን ነው» ስትል የልጅ ማታለያ መሰለ። እናትየው ደግ ሴት ናት፤ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጇ የጠፋችባት መስሏት ነው የጮኸችው። ልጅቷ መድኃኒቱን ጣለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕመሟ ቤት ውስጥ አንሥታ አታውቅም። መድኃኒቱን ያዘዘላት ባለሙያ ለእናቷ የሚነገር አንድ ቃል፣ የሚታይ አንድ ወረቀት አልሰጣትም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሚኒስቴሩ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ይታተም። ይህች ልጅ የሆርሞን መዛባት እንዳለባት፣ እንክብሉ የታዘዘላት ለዚሁ ሕክምና እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደምትወስደው፣ ምን ሲሰማት መመለስ እንዳለባት ይናገር። በአገራችን ማኅተም ያለው ወረቀት የሚፈታው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን የምታውቁት ከእኔ በላይ እናንተ ናችሁ። እንክብሉ ለሁሉም እንደማይሆን፣ የደም ግፊት ላለባት፣ ደም የመርጋት ችግር ላጋጠማት፣ ዓይንን እያጭበረበረ የሚጀምር ራስ ምታት ለሚያሠቃያት ሴት አደገኛ ሊሆን እንደሚችልም ይጻፍበት። ከመድኃኒት ቤት በወሬ እየገዛች የምትውጠውን የሚጠብቃት ሌላ ማንም የለም።

ስለ ክብደት ባጭሩ። «ክብደት ቀንሺ» የምትባለዋ ሴት በጉዳዩ ላይ ከማንም በላይ አስባበታለች። በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ተዘጋጅቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሁለት ቁም ነገር ይላል፦ ከሌላው ይበልጣል የሚባል አንድ የተለየ የአመጋገብ ዓይነት አልተገኘም፤ በክብደት ምክንያት ታማሚን ማሸማቀቅም ራሱ ጉዳት ነው። ለእኛ የሚሰጠን ዝርዝር ግን ከውጭ አገር ወረቀት የተቀዳ፣ ገበያችን ውስጥ የሌለ ወይም ኪሳችን የማይችለው እህልና ፍሬ የሞላበት ነው። የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ይህ መጥፎ መነሻ አይደለም። የእንጀራው መጠን፣ በቡናና በሻይ የምንጨምረው ስኳር፣ ለስላሳው፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚኬደው መንገድ በዚሁ ቋንቋ ይነገረን። የጾሙም ነገር አለ። ለብዙዎቻችን የሚታዘዘው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሆድ ያውካል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን ክኒን ምን ታድርገው? ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ «አትጹሚ» ተብላ የምትመለስ ሴት መድኃኒቱን እንጂ ጾሙን አትተውም። ሰዓቱን ከአፍጥርና ከጾም መፍቻ ጋር አስማምቶ ማዘዝ የደቂቃዎች ንግግር ነው።

ከሁሉ የተረሳው ግን አእምሯችን ነው። ያ የ2023 መመሪያ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ሁሉ ለድብርትና ለጭንቀት እንድትመረመር ያዛል፤ ሁለቱም በእኛ ላይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ይበዛሉና። የአመጋገብ መዛባትን፣ ስለ ገላችን የሚሰማንን ስሜትና የትዳር ግንኙነትንም ያነሣል። እኔ በሐኪም ፊት በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ስሜቴ የጠየቀኝ ባለሙያ አላጋጠመኝም። ድብርት ፊታችን ላይ ተጽፎ አይታይም። ሥራ እንገባለን፣ ምግብ እናበስላለን፣ እንግዳ እንቀበላለን። ማታ ላይ ግን «እኔ ሴት ነኝ ወይ?» የሚል ጥያቄ የምንጠይቅ አለን፤ ይህን ቃል በቃል የነገሩኝ ሴቶች አሉ፣ እኔም ብዬው አውቃለሁ። ይህን የሚለይ ባለሙያ አገራችን ውስጥ የለም ማለት አይቻልም። ድብርትን ለመለየት የሚያገለግለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ተፈትኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን በመደበኛ ጤና ተቋማት ለመስጠት የዘረጋውን ፕሮግራም ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞክራለች፤ በዚያ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። የጎደለው የማህፀን ክፍሉንና የአእምሮ ጤና ክፍሉን የሚያገናኝ ወረቀት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው!

ልጅ ለሚፈልጉት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ የእነሱ ጩኸት ከእኛ ይልቅ ተሰምቷል። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል በመንግሥት ተቋም የመጀመሪያው በመሆኑ የብዙ ቤት ተስፋ ነው። ግን ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ብዙውን ጊዜ እዚያ ድረስ መሄድ ላያስፈልጋት እንደሚችል ይነገራት። ሌትሮዞል የተባለው፣ ለአምስት ቀን የሚዋጥ ክኒን እንቁላል እንዲወጣ ለመርዳት በመጀመሪያ የሚመረጠው መድኃኒት ነው፤ በባለሙያ ክትትል ብዙዎችን ለእርግዝና አብቅቷል። ባልየውም ይመርመር። በጸበል፣ በስለት፣ በአማት ቃልና በምርመራ ብዛት የምትንከራተተው ሚስት ብቻ ሆና ባልየው አንድ ጊዜ እንኳ ያልተመረመረበት ትዳር ጥቂት አይደለም። ልጅ የማትፈልገውስ? ገና ያላገባችው፣ ቤተሰቧን ሞልታ የጨረሰችው፣ ለመመንኮስ ያሰበችው? የእሷም ማህፀን አካል ነው። የወር አበባ ለወራት ሳይመጣ ሲቀር የማህፀን ግድግዳ ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር አደጋ ከፍ ይላል። መድኃኒት የማትወስድ ሴት ቢያንስ በየሦስት ወሩ ደም ማየት አለባት የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታም በእኛ ላይ ይበዛል፤ በለጋ ዕድሜም ይመጣል። «ስትወልጂ ይስተካከላል» የተባለች ሴት ወልዳ ትሄዳለች፤ በአርባ ዓመቷ በስኳር በሽታ ትመለሳለች።

ይህን ደብዳቤ ሳነብላት አንዲት የጤና ባለሙያ ጓደኛዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ወባ ባልጠፋበት፣ ጦርነት ያፈረሳቸው ጤና ጣቢያዎች ባልተጠገኑበት አገር ይህ እንዴት ቅድሚያ ያገኛል? ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። እኔም ከእነዚያ እናቶች ድርሻ ላይ አንድ ብር እንዲነሣ አልጠይቅም። የምጠይቀው አብዛኛው በእጃችሁ ያለ ነው። የደም ግፊት መለኪያ፣ ሚዛን፣ የስኳር መመርመሪያ ጤና ጣቢያ ውስጥ አለ። እንክብሉ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል አለ። ሜትፎርሚን ለስኳር ሕሙማን ይታዘዛል። አልትራሳውንድ እንኳ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት መስፈርት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል፤ የወር አበባዋ የተዛባና ፊቷ ላይ ፀጉር የበቀለባት አዋቂ ሴት የእንቅርት ዕጢ፣ የፕሮላክቲን ሆርሞንም ሆነ ሌላ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ችግር እንደሌለባት በደም ምርመራ ከተረጋገጠ ኦቫሪዋ በማሽን ሳይታይ ሕመሟ ይታወቃል። እንዲያውም የመጀመሪያ የወር አበባዋን ካየች ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ለዚህ ጉዳይ አልትራሳውንድ እንዳትታይ መመሪያው ይመክራል፤ በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ኦቫሪም ብዙ ከረጢት ያሳያልና። ይህን ባለማወቅ በአሥራ ሰባት ዓመቷ «መውለድ ላይ ችግር ይኖርብሻል» ተብላ በፍርሃት የምታድግ ልጅ እንዳትኖር ክሊኒኮቹ በጽሑፍ ይታዘዙ።

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሚወስዱት የሥራ ላይ ሥልጠና ውስጥ ግማሽ ቀን ለፒሲኦኤስ ይሰጠው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የገባ፣ እናቶች የሚያምኑት ፕሮግራም ነው፤ የተማሪዬን እናት ከማንም በፊት ሊያነጋግራት ይችል የነበረው እሱ ነበር። በትምህርት ቤት የልጃገረዶች ክበባት ስለ ወር አበባ ስናስተምር ይህን የምንጨምርበት ጽሑፍ ስጡን፤ መምህራኑ ዝግጁ ነን። የጤና መድን አባል የሆነች ሴት ለፒሲኦኤስ የምታወጣው የምርመራና የመድኃኒት ወጪ ተሸፍኖ እንደሆነ፣ ካልተሸፈነም ለምን እንደሆነ ግልጽ ይደረግልን። ያንን ባለ 26 ጥያቄ መጠይቅም በቋንቋዎቻችን፣ በኑሯችን ልክ አዘጋጅተው የሚፈትኑ ተመራማሪዎችን አግዙ፤ ደጀ ሰላሙን፣ ነጠላውንና የእናትን ጥርጣሬ የሚያውቅ መጠይቅ ገና የለንም።

በ2008 ዓ.ም. በጀመራችሁት የጤናው ዘርፍ የሽግግር ዕቅድ ውስጥ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ እንደምታፈሩ ቃል ገብታችኋል። ቃሉን በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አንብበነዋል። እኛም በዚያ ቃል ውስጥ እንድንቆጠር እንፈልጋለን።

ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ዕቅዳችሁን ስታዘጋጁ ቢያንስ ሁለቱ ሥራዎች፣ ባለ አንድ ገጹ ጽሑፍና ሥልጠናው፣ ተካተው እንደሆነ ለሕዝብ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሑፉ ሲረቀቅ ቋንቋው ለአንዲት እናት የሚገባ መሆኑን የሚያነብ ሰው ከፈለጋችሁ እኔና መሰሎቼ ያለ ክፍያ እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ፒሲኦኤስ ያለባት አንዲት መምህርት
አዲስ አበባ